የተለወጠው ፋይል የትኛው ነው? ሶፍትዌር ሲገነባ ኮምፒውተሮች ለውጥን የሚከታተሉበት መንገድ

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ በምንጭ ኮዱ ውስጥ ያገኘውን ስህተት ለማረም አንዲት መስመር ይለውጣል። ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙን መልሶ እንዲገነባ ኮምፒውተሩን ያዛል፤ ከዚያም ፕሮግራሙን ያስነሳል። ስህተቱ ግን እንዳለ ነው። የለወጣትን መስመር ደግሞ ያነባታል፤ ትክክል ናት። ሌላ መላ ይሞክራል፤ አሁንም ለውጥ የለም። ከሰዓታት ልፋት በኋላ የሚደርስበት እውነት እንዲህ የሚል ነው፦ እርማቱ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን ፋይሉ መለወጡን አላወቀም። ሲፈተሽ የዋለው አሮጌው ፕሮግራም ነበር።

ይህ ገጠመኝ በሙያው ውስጥ ለቆዩ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጉዳዩ ግን ከአንድ ሰው የሥራ ሰዓት መባከን ያልፋል። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ አየር መንገዶችና የመንግሥት ተቋማት የሚገለገሉባቸው ሶፍትዌሮች በየጊዜው ይሻሻላሉ። የደህንነት ቀዳዳ ለመድፈን የተጻፈ እርማት ወደ መጨረሻው ፕሮግራም ሳይገባ ከቀረ፣ ቀዳዳው ተደፍኗል ተብሎ ይታመናል፤ በተግባር ግን ክፍት እንደሆነ ይቆያል።

«ካለፈው ግንባታ ወዲህ የተለወጠው የትኛው ፋይል ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ይሁንና የዘርፉ ባለሙያዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጡት ቆይተዋል፤ እያንዳንዱ መልስም የራሱ ብርታትና የራሱ ድክመት አለው።

«ግንባታ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለሙያዎች የሚጽፉት ምንጭ ኮድ ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ይህን ጽሑፍ በቀጥታ አይረዳም። ኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም እያንዳንዱን የምንጭ ፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉማል፤ ሊንከር የተባለው ደግሞ የተተረጎሙትን ቁርጥራጮች አገጣጥሞ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ሒደቱ በጥቅሉ ግንባታ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር «ቢልድ» ይባላል።

ፋይሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ሁሉንም በየጊዜው መተርጎም አያስቸግርም። በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ክሮም ያለ ግዙፍ የኢንተርኔት ማሰሻን በአንድ የግል ኮምፒውተር ላይ ከባዶ ተነስቶ መገንባት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። አንዲት መስመር በተለወጠች ቁጥር ይህን ሁሉ መድገም ሥራውን ከነአካቴው ያቆመዋል።

የመፍትሔው ሐሳብ ከማዕድ ቤት አሠራር የራቀ አይደለም። ድግስ የሚያሰናዱ ሰዎች ወጡ ጨው ቢያንሰው ጤፍ ከማስፈጨት አይጀምሩም፤ እንጀራው ተጋግሮ ተቀምጧል፤ የሚስተካከለው ወጡ ብቻ ነው። በርበሬው ተበላሽቶ ከተገኘ ደግሞ በዚያ በርበሬ የተሠራው ወጥ ሁሉ እንደገና ይሠራል፤ አልጫው ግን አይነካም። በሶፍትዌር ሥራም የተለወጠውንና በተለወጠው ላይ የተመሠረተውን ብቻ መልሶ መገንባት «ኢንክሪሜንታል ቢልድ» ይባላል።

ለዚህ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ግድ ይላል። አንደኛው ምን እንደተለወጠ ነው። ሁለተኛው ከተለወጠው ነገር ጋር ምን ምን እንደተያያዘ ነው። መሣሪያው በሁለቱም ሊሳሳት ይችላል፤ ስህተቶቹ ግን እኩል አይደሉም። ያልተለወጠን ፋይል ተለውጧል ብሎ መልሶ ቢገነባ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው። የተለወጠን ፋይል አልተለወጠም ብሎ ቢያልፍ ግን የሚወጣው ፕሮግራም ከተጻፈው ኮድ ጋር የማይገጥም፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ነገር ይሆናል።

ከአንድ ማለዳ ብስጭት የተወለደው መሣሪያ

የዚህ ታሪክ ዋነኛ ምዕራፍ የሚጀምረው በጎርጎሮሳውያኑ 1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ የምርምር ተቋም ነው። የዩኒክስ ስርዓተ ክወና በተወለደበት በዚህ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ስቲቭ ጆንሰን አንድ ቀን በንዴት ወደ ባልደረባቸው ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገቡ። ማለዳቸውን ያጠፉት ምንም ስህተት በሌለው ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልጉ ነበር። እርማቱ ተጽፏል፤ ፋይሉ ግን እንደገና አልተተረጎመም፤ ስለዚህ የተገጣጠመው አሮጌው ቁራጭ ነበር። ፌልድማን ራሳቸው ባለፈው ምሽት ከተመሳሳይ ችግር ጋር ሲታገሉ ስለነበር አቤቱታው ወዲያው ገባቸው።

ችግሩን ለመፍታት የጻፉት መሣሪያ «ሜክ» ይባላል። ተጠቃሚው የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚሠራና ለመሥራት የሚያስፈልገው ትዕዛዝ ምን እንደሆነ «ሜክፋይል» በተባለ ዝርዝር ውስጥ ያሰፍራል። ሜክ ዝርዝሩን አንብቦ የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት ያነጻጽራል። ምንጩ ከውጤቱ ይልቅ በቅርብ ጊዜ የተነካ ከሆነ ውጤቱ አርጅቷል ማለት ነው፤ መልሶ ይሠራዋል። ካልሆነ እንዳለ ይተወዋል።

በሜክፋይል ውስጥ ትዕዛዝ የያዘ መስመር «ታብ» በሚባለው ክፍተት መጀመር አለበት፤ ተራ ክፍተት አይተካውም። ይህ ሕግ ብዙ ጀማሪዎችን አሰናክሏል። ፌልድማን በኋላ እንደተናገሩት፣ አካሄዱ እንደማያስደስት ቢያውቁም በዚያን ጊዜ መሣሪያውን የሚጠቀሙ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ስለነበሩ ሥራቸውን ማወክ አልፈለጉም። ዛሬ ያ ሕግ በዓለም ዙሪያ እንደጸና ነው። የአሜሪካው የኮምፒውቲንግ ባለሙያዎች ማኅበር ኤሲኤም ለሜክ የ2003ን የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት ለፌልድማን ሰጥቷል።

የሰዓት ማህተም፦ ፈጣን፣ ግን የሚታለል

ሜክ የተመሠረተበት ሐሳብ የሰዓት ማህተም ነው። ስርዓተ ክወናው አንድ ፋይል በተጻፈ ቁጥር የተጻፈበትን ቅጽበት ይመዘግባል። በዩኒክስና በሊነክስ ይህ ሰዓት የሚቆጠረው ከጎርጎሮሳውያኑ ጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪንዊች ሰዓት፣ ጀምሮ ባለፉ ሴኮንዶች ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር እጅግ ፈጣን ስለሆነ መሣሪያው የፋይሉን ይዘት ማንበብ ሳያስፈልገው በአፍታ ይወስናል።

ይሁንና ሰዓት ስለ ይዘት በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም። ፋይሉ መቼ እንደተነካ እንጂ ምን እንደሆነ አይመሰክርም። ችግሮቹም ከዚህ ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው ሰዓቱ ራሱ ሲዛባ ነው። የእናት ሰሌዳው ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር ተዘግቶ ሲከፈት ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ዛሬ የታረመ ፋይል የብዙ ዓመት ማህተም ይዞ ይቀመጣል፤ ሜክም ከውጤቱ የቆየ መስሎት ያልፈዋል። ፋይሎቹ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ግንባታው በሌላ ኮምፒውተር ሲካሄድ ደግሞ የሁለቱ ሰዓት ላይገጥም ይችላል። በስፋት የሚሠራበት የሜክ ዓይነት፣ ጂኤንዩ ሜክ፣ ማህተሙ ወደፊት የሆነ ፋይል ሲያጋጥመው የሰዓት መዛባት እንዳለና ግንባታው የተሟላ ላይሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የማህተሙ ጥራት ነው። በብዙ ፍላሽ ዲስኮች ላይ የሚገኘው «ፋት» የተባለው የአቀማመጥ ዘዴ የለውጥ ሰዓትን የሚመዘግበው በ2 ሴኮንድ ልዩነት ነው። በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ውስጥ የተጻፉ ሁለት ፋይሎች የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። ከዚህም በላይ ፋት የሚመዘግበው የአካባቢውን ሰዓት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ወደ ዋሽንግተን በተወሰደ ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ማህተም ከእውነተኛው ቅጽበት በ7 ወይም በ8 ሰዓት ሊርቅ ይችላል።

ሦስተኛው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከመጠባበቂያ ቅጂ የተመለሰ ፋይል ብዙ ጊዜ የድሮ ማህተሙን ይዞ ይመለሳል። ይዘቱ ከትናንቱ የተለየ ነው፤ ማህተሙ ግን ከውጤቱ ይቀድማል። ሜክ በዚህ ጊዜ ለውጡን አያይም።

አራተኛው በምሥራቅ አፍሪካ ለሚሠሩ ባለሙያዎች በተለይ ቅርብ ነው፤ የኃይል መቋረጥ። ግንባታው በመካከል ሲቋረጥ ኮምፓይለሩ ግማሹን ብቻ የጻፈው የውጤት ፋይል በዲስኩ ላይ ሊቀር ይችላል። ተጠቃሚው ሥራውን በራሱ ፈቃድ ሲያቋርጥ ሜክ ያላለቀውን ውጤት ያጠፋል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ለማጥፋት ዕድል አያገኝም። መብራቱ ሲመለስ ያ ጎደሎ ፋይል ከምንጩ ይልቅ አዲስ ማህተም ስላለው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል።

የይዘት አሻራ

ለእነዚህ ድክመቶች የተሰጠው ዋነኛ መልስ ሰዓቱን ትቶ ይዘቱን መመልከት ነው። አሠራሩ ከጣት አሻራ ጋር ይመሳሰላል። «ሃሽ» የተባለ የሒሳብ ቀመር የፋይሉን ይዘት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብና አጭር ቁጥር ያወጣል። በሰፊው የሚሠራበት «ሻ-256» የተባለው ቀመር፣ ፋይሉ አንድ ገጽም ሆነ አንድ ሺህ ገጽ፣ የሚያወጣው ሁልጊዜ በ64 ምልክቶች የሚጻፍ አሻራ ነው። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለያል። የአሁኑ አሻራ ካለፈው ግንባታ አሻራ ጋር ከገጠመ ፋይሉ አልተለወጠም፤ ሰዓቱ የፈለገውን ቢል።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ባለሙያው በኮዱ ውስጥ ማስታወሻ ብቻ ቢያርም የምንጩ አሻራ ይለወጣል፤ ስለዚህ ፋይሉ መልሶ ይተረጎማል። የትርጉሙ ውጤት ግን ከቀድሞው ጋር አንድ ከሆነ፣ በዚያ ውጤት ላይ የተመሠረተው ቀሪ ሥራ ሁሉ እዚያው ይቆማል። በሰዓት ማህተም ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ይደግመዋል።

ዋጋው ንባብ ነው። አሻራ ለማውጣት እያንዳንዱን ፋይል ማንበብ ያስፈልጋል፤ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ ይህ ራሱ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ሁለቱን ዘዴዎች ያዋህዳሉ። የፋይሉ ሰዓትና መጠን ካልተለወጡ ይዘቱን አያነቡም፤ ከተለወጡ ብቻ አሻራ ያወጣሉ።

የሊነክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመሩት የኮድ ታሪክ መመዝገቢያ፣ «ጊት»፣ የዚህ ጥምረት ታዋቂ ምሳሌ ነው። ጊት የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት፣ መጠንና ሌሎች መለያዎች በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ እነሱ ካልተለወጡ ፋይሉን አይከፍትም። ነገር ግን ፋይሉ መዝገቡ በተጻፈበት በዚያው ቅጽበት መጠኑ ሳይለወጥ ቢታረምስ? ሰዓቱም መጠኑም ያው ስለሚሆን ለውጡ ሊያመልጥ ይችላል። ጊት ይህን ለመከላከል ማህተማቸው ከመዝገቡ ጋር እኩል የሆነ ወይም ከእሱ የዘገየ ፋይሎችን አያምንም፤ ይዘታቸውን ከፍቶ ያነባል።

የማይታየው ጥገኝነት

ምን እንደተለወጠ በትክክል ማወቅ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ለውጡ የት የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው። በሲ ቋንቋ አንድ የምንጭ ፋይል «ሄደር» የሚባሉ ሌሎች ፋይሎችን ይጠራል፤ እነዚያም ሌሎችን ይጠራሉ። ሜክፋይሉን የጻፈው ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳይመዘግብ ከረሳ፣ የተረሳው ፋይል ሲለወጥ መልሶ የሚገነባ ነገር አይኖርም። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሰጠው ዝርዝር ግን ጎደሎ ነው።

ሰው ይረሳል፤ ስለዚህ ምዝገባውን ለማሽን መተው ተመራጭ ሆነ። ጂሲሲን የመሳሰሉ ኮምፓይለሮች በትርጉም ጊዜ የትኞቹን ፋይሎች እንደከፈቱ ራሳቸው ዘርዝረው ያስቀምጣሉ፤ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ግንባታ ላይ ይነበባል። በጉግል ባልደረባ ኢቫን ማርቲን ለክሮም ግንባታ የተጻፈው «ኒንጃ» ደግሞ እያንዳንዱ ውጤት የተሠራበትን ትዕዛዝም ይመዘግባል። ፋይሉ ባይለወጥ እንኳ ትዕዛዙ ከተለወጠ ውጤቱ አርጅቷል ማለት ነው።

ከዚህም የረቀቁ ጥገኝነቶች አሉ። የኮምፓይለሩ ዕትም ሲሻሻል የሁሉም ፋይል ውጤት ሊለወጥ ይችላል፤ ከምንጭ ፋይሎቹ ግን አንዱም አልተነካም። የተሰረዘ ፋይልም የራሱ ችግር አለው። ምንጩ ጠፍቶ ከእሱ የተሠራው አሮጌ ውጤት በማኅደሩ ውስጥ ከቀረ፣ የሌለ ኮድ በፕሮግራሙ ውስጥ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ሲሠራ ይውላል፤ ኮዱን ከባዶ የሚገነባው ባልደረባ ጋ ሲደርስ ግን አይገነባም።

በልማት አካባቢው ውስጥ

ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ኮድ የሚጽፉት መጻፊያውን፣ መገንቢያውንና መፈተሻውን በአንድ ላይ በያዘ የልማት አካባቢ፣ በተለምዶ «አይዲኢ» በሚባለው፣ ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤክሊፕስ በ2001 መጨረሻ በአይቢኤም አማካይነት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የጃቫ ፋይል በተቀመጠ ቁጥር ወዲያውኑ፣ ከበስተጀርባ፣ የተለወጠውን ብቻ መተርጎሙ ከመለያዎቹ አንዱ ነው።

ኤክሊፕስ የፕሮጀክቱን ፋይሎች በሙሉ እንደ ዛፍ አድርጎ በማኅደረ ትውስታው ይይዛል። እያንዳንዱ ገንቢ ፕሮግራም ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ ዛፉ ምን ይመስል እንደነበር ይታወሳል። አዲስ ግንባታ ሲጠየቅ የያኔው ዛፍ ከአሁኑ ጋር ይነጻጸርና የተጨመሩት፣ የተሰረዙትና የተለወጡት ፋይሎች ዝርዝር ለገንቢው ይሰጠዋል። ዝርዝሩን ማውጣት ካልተቻለ ግን ገንቢው በግምት አይቀጥልም፤ ሙሉ ግንባታ ማካሄድ ይጠበቅበታል።

የዚህ አሠራር ድክመት የሚታየው ፋይሉ ከአይዲኢው ውጭ ሲለወጥ ነው። በሌላ መጻፊያ የታረመ ወይም በጊት የመጣ ፋይል በዲስኩ ላይ ቢኖርም በዛፉ ላይ አይታይም፤ ተጠቃሚው «ሪፍሬሽ» እስኪል ወይም አይዲኢው በራሱ እንዲያድስ እስኪደረግ ድረስ።

ክፍተቱን ለመሙላት ስርዓተ ክወናዎች ለውጥን ራሳቸው የሚያሳውቁበት መንገድ አበጅተዋል። በሊነክስ ከ2005 ጀምሮ «አይኖቲፋይ»፣ በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ «ኤፍኤስኢቨንትስ» የተባሉት አገልግሎቶች ይህን ይሠራሉ፤ ዊንዶውስም የራሱ አለው። መሣሪያው ፋይሎቹን ሁሉ እየዞረ ከመጠየቅ ይልቅ መልዕክት ይጠብቃል። ለአንድሮይድ መተግበሪያዎች ግንባታ የሚያገለግለው «ግሬድል» እና በፌስቡክ የተሠራው «ዋችማን» ከዚህ ይጠቀማሉ።

መልዕክቱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ብዙ ለውጦች በአንድ ጊዜ ሲመጡ የአይኖቲፋይ ወረፋ ሞልቶ መልዕክቶች ሊጠፉ ይችላሉ። በኔትወርክ ላይ ባለ ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር የተደረገ ለውጥም አይነገረውም። አንዳንድ መጻፊያዎች ደግሞ ነባሩን ፋይል አያርሙም፤ አዲስ ፋይል ጽፈው በአሮጌው ስም ይተኩታል። በጥንቃቄ የተሠራ መሣሪያ መልዕክት እንደጠፋ ባወቀ ጊዜ ሁሉንም ፋይሎች ከመጀመሪያው ይቃኛል።

ሁለት ቢሊዮን መስመር ኮድ

ጉግል በ2015 መጀመሪያ ላይ በአንድ የጋራ ማኅደር ውስጥ 2 ቢሊዮን ያህል የኮድ መስመር ነበረው፤ የምንጭ ፋይሎቹም 9 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በዚህ መጠን ላይ «ከባዶ እንገንባ» የሚል አማራጭ የለም። ኩባንያው ለውስጥ ሥራው የሚጠቀምበትን መሣሪያ በዚያው ዓመት «ባዜል» በሚል ስም ለሕዝብ ለቋል።

ባዜል የሚታመነው በይዘት አሻራ ነው። እያንዳንዱን የግንባታ ደረጃ በተከለለ ስፍራ ውስጥ ያካሂዳል፤ በዚያ ስፍራ ያልተመዘገበ ፋይል አይታይም። ጥገኝነት መመዝገብ የረሳ ሰው ግንባታው ወዲያው ይከሽፍበታል፤ ስህተቱ ተደብቆ ከሚቆይ ዛሬ መታየቱ ይመረጣል። የግብዓቶቹና የትዕዛዙ አሻራ አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ባልደረባ ቀድሞ የሠራውን ውጤት ከጋራ ማከማቻ መውሰድ ይቻላል።

ጠላት ፋይሉን ሲለውጥ

እስካሁን የተነሱት ችግሮች በስህተት የሚፈጠሩ ናቸው። በታኅሣሥ 2020 ይፋ የሆነው የሶላርዊንድስ ጥቃት ግን ለውጥን የመከታተል ጉዳይ የአገር ደህንነት ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሶላርዊንድስ «ኦሪየን» የተባለ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያመርት የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የተበከለውን ማሻሻያ እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች ሳይቀበሉት እንዳልቀረ ኩባንያው አስታውቋል፤ በጥልቀት የተሰለሉት ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢሆንም የአሜሪካ የግምጃ ቤትና የንግድ ሚኒስቴሮች ከተጠቁት መካከል ነበሩ። አሜሪካ ጥቃቱን ያደረሰው የሩሲያ የውጭ ስለላ አገልግሎት ነው ስትል ሩሲያ አስተባብላለች።

የሳይበር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ በጥር 2021 ባወጣው ትንታኔ እንደተገለጸው፣ ሰርጎ ገቦቹ በኩባንያው የግንባታ ኮምፒውተር ላይ «ሰንስፖት» የተባለ ፕሮግራም አስቀምጠው ነበር። ሰንስፖት የኦሪየን ግንባታ መጀመሩን በየሴኮንዱ ይጠባበቃል። ግንባታው ሲጀመር አንድ የምንጭ ፋይል የሚጠብቀው ዕትም መሆኑን በይዘት አሻራው ያረጋግጣል፤ ከዚያም የጀርባ በር ባለበት ቅጂ ይተካዋል። ግንባታው ሲያበቃ ዋናውን ፋይል ወደ ቦታው ይመልሳል።

ኮዱን የሚገመግሙ ባለሙያዎች ከግንባታው በፊትም ሆነ በኋላ ቢመለከቱ ያልተነካ ፋይል ያያሉ። ለውጡ የኖረው በግንባታው መካከል ብቻ ነበር።

በመጋቢት 2024 የማይክሮሶፍት ባልደረባ የሆኑት አንድሬስ ፍሮይንድ ያጋለጡት ጥቃትም ተመሳሳይ ትምህርት ይዟል። በብዙ የሊነክስ ስርዓቶች ውስጥ በሚገኘው «ኤክስዚ» የተባለ የፋይል ማመቂያ ውስጥ የጀርባ በር ተቀብሮ ነበር። ጥቃቱን የሚያስነሳው የግንባታ ትዕዛዝ በይፋዊው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ የተገኘው ለሥርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ፍሮይንድ የደረሱበት ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ስላስተዋሉ ነው።

ለእንዲህ ያለው አደጋ ከቀረቡት መልሶች አንዱ «ሪፕሮዱሲብል ቢልድስ» የተባለው እንቅስቃሴ ነው፤ ደቢያንን የመሳሰሉ የሊነክስ ፕሮጀክቶች ይሳተፉበታል። ዓላማው ከአንድ ምንጭ ኮድ፣ በተመሳሳይ መሣሪያዎች፣ ማንም ሰው የትም ቦታ ሲገነባ የሚወጣው ፕሮግራም እስከ መጨረሻዋ ቢት ድረስ አንድ እንዲሆን ነው። አንድ ከሆነ የሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮችን ውጤት አሻራ ማነጻጸር ይቻላል፤ ካልገጠሙ አንዱ ተነክቷል ማለት ነው። ለዚህ እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ፕሮግራሞች የተገነቡበትን ሰዓት በውስጣቸው የመጻፍ ልማዳቸው ነው።

በዕለት ተዕለት ሥራ

ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች ጥቂት የታወቁ ልማዶችን አፍርተዋል። የመጀመሪያው በዕለት ሥራ ላይ በፈጣኑ ግንባታ መጠቀም፣ ለተጠቃሚ የሚለቀቀውን ዕትም ግን ሁልጊዜ በንጹሕ ስፍራ ከባዶ መገንባት ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ሥራ ለተለየ ሰርቨር ይሰጡታል፤ ሰርቨሩ የማንንም የግል ኮምፒውተር ቅሪት አይወርስም።

ሁለተኛው ኃይል ከተቋረጠ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተዛባ ወይም ፋይሎች ከመጠባበቂያ ቅጂ ከተመለሱ በኋላ የቀድሞውን ውጤት አጥፍቶ መጀመር ነው። ሦስተኛው የተገነባው ፕሮግራም ከየትኛው የኮድ ዕትም እንደወጣ መለያውን በራሱ ውስጥ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ያኔ አገልግሎት ላይ ያለው ፕሮግራም እርማቱን መያዝ አለመያዙን በማየት ማረጋገጥ ይቻላል።

አንድ ፕሮጀክት በተደጋጋሚ «አጥፍተህ ከባዶ ገንባ» የሚል ምክር የሚሰማበት ከሆነ ግን የግንባታ ዝርዝሩ ጎደሎ መሆኑን ያሳያል። ከባዶ መገንባቱ የዕለቱን ችግር ይሸፍናል፤ ያልተመዘገበው ጥገኝነት ግን እዚያው ይቀመጣል። ፈልጎ መመዝገቡ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያው መስመሯን ለውጦ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ የሚፈትሸው አሁን የጻፈውን ኮድ መሆኑን እርግጠኛ ይሆናል።